የልምምዱ በሽተኛ

ጥቅምት 6 ቀን

ለእህቴ ልጅ፣ ለጦሩ ሐኪም
ባለህበት

ጉዳዩ፦ ልጄ ታሞ ሳለ እኔ እንዳላውቅ ስለመደረጉ

በቅድሚያ ሰላምታዬ ባሕሩንም ሰማዩንም አቋርጦ ድንኳንህ ድረስ ይግባ። ጤናህ እንዴት ነው? ሙቀቱን ለመድከው? እኛ ፈጣሪ ይመስገን አለን። የእናትህ ጉልበት ተሽሏታል፤ ደረጃ ስትወርድ ብቻ ታማርራለች፣ እሱም ሰው አጠገቧ ካለ ነው። በሄድክበት ሁሉ ከክፉ የሚሰውር ይሰውርህ። ሰላምታዬን በዚሁ ዘግቼ ወደ ተነሳሁበት ልግባ።

የምቀመጥበትን ታውቀዋለህ። ከመሥሪያ ቤቱ በር ፊት ለፊት፣ ከፎቶ ኮፒ ቤቱ ጎን፣ ያው ጃንጥላዬ ሥር። ትናንት ለእረፍት የመጣ አንድ ወታደር ፈቃዱ እንዲራዘምለት ማመልከቻ ሊያስጽፍ መጣ። ከየት ነህ ስለው ከእናንተው ካምፕ ሆኖ ተገኘ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! እኔ ስጽፍ እሱ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያሳየኝ ጀመር። ድንኳኖች አየሁ፣ መኪና አየሁ፣ አንድ ነጭ ውሻ አየሁ፣ ቀጥሎ ልጄን አየሁ።

ቃሬዛ ላይ ተዘርግቷል። አፉ ተከፍቷል፣ ዐይኑ ተገልብጧል፣ አንገቱ ላይ ቢጫ ካርድ ተንጠልጥሏል። ከእግር እስከ ራሳቸው ፕላስቲክ የለበሱ ሁለት ሰዎች ተሸክመውታል። ወታደሩ ደግሞ ይስቃል! «ይሄ ሽቦ የሚባል ልጅ ነው፣ እማማ» ይለኛል። ለእኔ! ከሲታነቱን አይቼ ሽቦ ያልኩት እኔ ራሴ መሆኔን የት ያውቃል። ምን ሆኖ ነው ብዬ ስጠይቀው «ኧረ ምንም አልሆነም፣ ቲያትር ነው» አለኝ። ቲያትር! ሐኪም ባለበት፣ ቃሬዛ ባለበት ምን ዓይነት ቲያትር ነው? የሰውየውን ማመልከቻ እንዴት እንደጨረስኩት አላውቅም፤ የተሰጠውን ፈቃድ እንዲሰርዙበት ጽፌበት ይሆናል።

እኔ የሰው ነገር እየጻፍኩ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ሰው ሊደብቅ ሲፈልግ ምን እንደሚል አውቃለሁ። ስልክ መደወል እንደሆነ እናንተ ጋ ክልክል ነው፤ ያለኝ ብዕሬ ብቻ ነው። ስለዚህ ልጄ ምን እንዳመመው፣ ዛሬስ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ እውነቱን እንድትገልጽልኝ በትህትና እጠይቃለሁ። ትህትናው የሚቆየው መልስህ እስኪደርስ ብቻ መሆኑን አሳስባለሁ።

አመልካች
አክስትህ


ጥቅምት 17 ቀን

ለምወድዎትና ለማከብርዎት አክስቴ

እንደምን ሰነበቱልኝ? የአክብሮት ሰላምታዬ ካለሁበት ይድረስዎ። እናቴን በእኔ ስም ሳም ያድርጉልኝ፤ ደረጃውንም ቀስ ብላ እንድትወርድ ይንገሩልኝ። እኔ ከሙቀቱና ከትንኙ በቀር በጣም ደህና ነኝ።

ማመልከቻዎን የስንቅ አውሮፕላኑ አምጥቶልኛል። መጀመሪያ ደነገጥኩ፤ ቀጥሎ ሳቅኩ፤ ስለሳቅኩ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሽቦ ደህና ነው። እንዲያውም ከእኔ በላይ ይበላል፣ ከእኔ በላይ ይተኛል። ያ ወታደር ቲያትር ነው ያለዎት ከእውነቱ ብዙም አልራቀም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሰፈርነው ረግረጋማ ቆላ ውስጥ፣ ወንዝ ዳር ነው። በዙሪያችን ያሉ መንደሮች ባለፈው ዝናብ ጊዜ ክፉ በሽታ ገብቶባቸው ነበር፤ ያ… ሰውን ከላይም ከታችም ውኃ የሚያስጨርሰው። እኛ ደግሞ ስድስት መቶ የምንሆን ሰዎች ከአንድ ቦቴ እንጠጣለን፣ ከአንድ ኩሽና እንበላለን። በሽታው አንዱን ከነካ ሌላውን ለማዳረስ ጊዜ አይፈጅበትም። መድኃኒቱ ከባድ ሆኖ አይደለም፤ የጎደለውን ውኃ ቶሎ ከመለሱለት በሽተኛው ተነስቶ ይሄዳል። ካዘገዩት ግን ጠዋት የቀለደ ሰው ማታ ላይገኝ ይችላል። ስለዚህ ሥራችን በሙሉ ፍጥነት ነው፦ ማን አየው፣ ማን አነሳው፣ የትኛው ድንኳን ገባ፣ ማን እጁን ታጠበ። ይህ ደግሞ በንግግር አይገባም። እኔ ሳልናገር በድንገት አንዱን ወታደር «አሳምመዋለሁ»፤ ቢጫ ካርድ አንገቱ ላይ አስሬ ሰዉ ምን እንደሚያደርግ በሰዓት እለካለሁ። ልምምድ ማለት ይሄ ነው።

ለምን ሽቦ ካሉኝ፣ ሌሎቹ መሬት ላይ ተኝተው በራሳቸው ይስቃሉ። ሽቦን እርስዎ ያውቁታል። የሩዝ ውኃ በአፉ ይዞ ምሳ ሰልፍ መሀል ሲወድቅ ወጥ ቤቷ ጮኻ ጠረጴዛ ዘለለች። አዛዣችን ኮሎኔሉ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁና «ይሄ ልጅ ሽልማት ይገባዋል» አሉ። እውነቱን ለመናገር እኔን ያላስደሰተኝ አንድ ነገር አለ፤ ወታደሩ አሁን አሁን የሚመጣው ሊያይ እንጂ ሊሠራ አይደለም። ሲደጋገም ይለምዱታል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

እባክዎ ለሽቦ ሲጽፉ ምግብ ሳይነካ በሳሙና እንዲታጠብ አጥብቀው ይንገሩልኝ። እኔ ስነግረው «እሺ ዶክተር» ይልና ወታደራዊ ሰላምታ ይሰጠኛል፣ እጁ ግን ደረቅ ነው።

ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

ልጅዎ


ጥቅምት 29 ቀን

ለጦሩ ሐኪም

ጉዳዩ፦ የሰጠኸው ማብራሪያ በከፊል ተቀባይነት ስለማግኘቱ

ጤና ይስጥልኝ ልጄ። ነፍሴ መለስ አለች። ደብዳቤህን ለእናትህም አነበብኩላት፤ ወጥ ቤቷ ጠረጴዛ ዘለለች የሚለው ጋ ስደርስ ጉልበቷን ረስታ ተነሳች። ተባረክ። በእጅህ የዳነ ሁሉ ይመርቅህ።

ደግሞ «ከላይም ከታችም» ብለህ የምታፍረው ማንን ነው? ዳይፐርህን የቀየርኩ ሰው ነኝ። ተቅማጥ በል፣ ኮሌራ በል። እዚህ ጃንጥላ ሥር ባልና ሚስት የሚካሰሱበትን ነገር ብትሰማ ጆሮህን ይዘህ ትሮጥ ነበር።

አሁን ያልተቀበልኩትን ልንገርህ። ልጄን ከዚህ ቲያትር አውጣልኝ። ለአጉል እምነት ብዬ እንዳይመስልህ፤ ልጅን ሬሳ ሲያስመስሉት ማየት ደስ ባይልም እሱን ልተወው። ምክንያቴ ሌላ ነው። እዚህ መሥሪያ ቤት በየሳምንቱ አቤቱታ ይዞ የሚመጣ አንድ ሰውዬ አለ። ጎረቤቱ አየኝ፣ ጎረቤቱ አሳለብኝ፣ ጎረቤቱ ጥላው እኔ ግቢ ገባ ይላል። እኔም እየሳቅኩ እጽፍለታለሁ፣ እነሱም እየሳቁ ይቀበሉታል። ባለፈው ወር ጭንቅላቱ ተፈንክቶ፣ ደም በደም ሆኖ መጣ። በረኛው ገና ከሩቅ ሲያየው ሳቁን ለቀቀው፤ «ዛሬ ደግሞ ምን አደረገህ?» አለና ሰኞ ተመለስ ብሎ ሸኘው። አየህ፣ አንድ ፊት ለሳቅ ከተለመደ ሰው አፉ እስኪከፈት አይጠብቅም።

ስለዚህ ሌላ ሰው ፈልግ። የማይችልበት ይሁን፤ የማይችልበት ይሻላል። ከቻልክም ጦሩ ሲቀየር መጀመሪያ ከሚመለሱት ውስጥ ስሙን አስገባልኝ። ልጅ አንድ ብቻ እንዳለኝ አትዘንጋ። ስለ ሳሙናው ጽፌለታለሁ፤ ደረቅ እጅ ይዞ ከመጣ በር አልከፍትለትም ብዬዋለሁ።

ሰላም ዋል፣ ሰላም እደር።

አክስትህ


ኅዳር 22 ቀን

ለማከብርዎት አክስቴ

ከሁሉ በፊት ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? ለእናቴም፣ ለጎረቤቶቻችንም፣ ለፎቶ ኮፒ ቤቱ ባለቤትም፣ ለሚያውቁኝ ሁሉ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስልኝ። የአየሩ ሁኔታ እዚያ እንዴት ነው? ብርዱ ገባ? እናቴ ያን ወፍራም ሹራቧን አውጥታ ትልበስ። እርስዎም ጃንጥላው ሥር ሲውሉ እግርዎን ብርድ እንዳይመታዎ ይጠንቀቁ። እዚህ ዝናቡ ጀምሯል፤ መንገዱ ሁሉ ጭቃ ነው።

መልሴ ስለዘገየ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ሥራ በዝቶብኝ ነው። ካምፑ ውስጥ ጥቂት ሰዎች ስለታመሙ ለጊዜው መግባትም መውጣትም ተከልክሏል። ደብዳቤ ብቻ ይወጣል። የምንፈራው ነገር እንዳይሰፋ አስቀድመን ያዘጋጀናቸውን ድንኳኖች ከፍተናል፤ የውኃው ቦቴም በክሎሪን ታጥቧል። ዝግጅታችን ጥሩ ስለነበር ሁሉም ነገር በቁጥጥር ሥር ነው።

ሽቦ ከእኔ ጋር ነው። ለመጻፍ ጊዜ ላያገኝ ስለሚችል ደብዳቤው ቢዘገይ እንዳያስቡ። ለእናቴም ስለ ካምፑ መዘጋት ባይነግሯት ጥሩ ነው።

አክባሪዎ


ኅዳር 27 ቀን

ጉዳዩ፦ ከደብዳቤህ ውስጥ ስለጎደለ ሰው

ደብዳቤህን አንብቤ ስጨርስ እንደገና አነበብኩት። ግማሹ ሰላምታ ነው። ለፎቶ ኮፒ ቤቱ ባለቤት ሰላም በሉልኝ ያልከው ሰውዬውን አይተኸው አታውቅም እኮ!

«ሁሉም ነገር በቁጥጥር ሥር ነው» የሚል መልስ እኔ አውቀዋለሁ። እዚህ በሩ ላይ ለድሆች ይሰጣል። «ጉዳይዎ በመታየት ላይ ነው» ይባላሉ፤ ይዘውት ይመጡና ምን ማለት ነው ብለው ይጠይቁኛል። ምንም ማለት አይደለም፣ ሂድልን ማለት ነው እላቸዋለሁ።

ስለ ድንኳኑ ጻፍክ፣ ስለ ቦቴው ጻፍክ፣ ስለ ጭቃው ጻፍክ። ሽቦ ያላትን አንዲት ቃል አልጻፍክም። ከሽቦ ጋር ውሎ የእሱን ቀልድ ሳይዝ የተመለሰ ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም። «ከእኔ ጋር ነው» ትለኛለህ። ሻንጣም ከሰው ጋር ይሆናል። ሰው ከሆነ ይበላል፣ ይተኛል፣ ይነጫነጫል። የቱ ጋ ነው ልጄ? በላ? ተኛ?

ከቲያትሩ አውጣልኝ ብዬ ለምኜህ ነበር። እሱንም አልመለስክልኝም።

አሁን የምጠይቅህ አንድ ነገር ብቻ ነው። በሕይወት አለ ወይስ የለም? መልሱን መጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ አድርገው። ሰላምታ አልፈልግም። ስለ ብርድ አትጠይቀኝ።

እናቱ ነኝ


ኅዳር 30 ቀን

በሕይወት አለ።

አክስቴ፣ ከዚህ በኋላ ያለውን ተቀምጠው ያንብቡት።

ከቲያትሩ እንዳወጣው ጽፈውልኝ ነበር፤ አላወጣሁትም። ላወጣው አስቤ ሳለ ከዋናው መሥሪያ ቤት ጎብኚዎች መጡ፤ ኮሎኔሉ «ያን ልጅ አምጣና አሳያቸው» አሉ። እኔም እሺ አልኩ። ሽቦ በዚያ ቀን እንደዚያ ሠርቶ አያውቅም። ጎብኚዎቹ ቆመው አጨበጨቡለት። በዚያው ሳምንት የቦቴው ሹፌር የጉድጓዱ ወረፋ ሰልችቶት ከወንዙ ቀድቶ መጣ።

መጀመሪያ የታመሙት ወንዙ ማዶ ያሉት ጥበቃዎች ስለነበሩ በጠዋት ወደ እነሱ ሄድኩ። ሽቦን የያዘው እኔ በሌለሁበት ነው። እንደለመደው… አይ፣ እንዳስተማርኩት ልበል፤ ሕመሙ ሲጀምረው ሰው ሳይነካ በራሱ እግር ወደ ሕክምና ድንኳናችን መከለያ ገመድ ሄደ። እዚያ ተንበርክኮ አስመለሰ። ጥበቃ ላይ የነበረው ልጅ ሲያየው «እንዴ፣ ዛሬም ልምምድ አለ?» ብሎ ጓደኞቹን ጠራቸው። ከበው ቆሙ። እውነቴን ነው ሲላቸው ሳቁ። ሲለምናቸው ባሰባቸው። አንዱ «ዘጠኝ ከአሥር» አለ። ሌላው «የዛሬው ከጎብኚዎቹም ቀን ይበልጣል» አለ። ወድቆ ዝም ሲል እንኳን ጎበዝ ነው አሉ። እኔ እኩለ ቀን ላይ ስመለስ ጭቃው ላይ ተኝቶ አገኘሁት። ዐይኑ ወደ ውስጥ ገብቶ ነበር፤ ክንዱን ብይዘው ትርታው አይሰማም። ሳቂዎቹ አጠገቡ ቆመዋል፤ ያኔ ገብቷቸው ነበር፣ ግን ማንም እጁን አላነሳም። ካርድ አልነበረውማ። አንገቱ ላይ ቢጫ ካርድ ስላላዩ ማንሳት እንዳለባቸው አላወቁም። እኔ ነኝ እንዲያ ያስለመድኳቸው።

ግሉኮሱን በሁለቱም ክንዱ ከፈትኩለት። ነፍሱ ተመለሰች። ተቅማጡ ቆሟል። ነገር ግን ያን ያህል ሰዓት ውኃ አጥቶ ስለቆየ ኩላሊቱ ሥራ አቁሟል። ሽንት የለውም። ፊቱ አብጧል። እዚህ ለኩላሊት የሚሆን መሣሪያ የለኝም፤ የማደርገው የሚጠጣውን እየለካሁ መጠበቅ ነው። አንዳንዱ ኩላሊት ከሳምንታት በኋላ ይነቃል፣ አንዳንዱ አይነቃም። ያለፈውን ደብዳቤ ስጽፍልዎ ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። እጄ አልታዘዝልኝ አለ።

አንድ የቀረ ነገር አለ፤ ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ከእኔ ይስሙት። ትናንት አውሮፕላኑ ስንቅ አራግፎ ሊመለስ ሲል ኮሎኔሉ ወደ ድንኳኔ መጡ። የተተየበ ወረቀት ይዘዋል። ሽቦ ከመኪና ላይ ወድቆ ኩላሊቱ ተጎድቷል ይላል። የሚቀረው የእኔ ፊርማ ነበር። ብፈርም በዚያው አውሮፕላን ይመጣል፤ በማግስቱ መሣሪያ ያለው ሆስፒታል ይተኛል። «ልጁ ሥጋህ ነው፤ ለማን ብለህ ነው?» አሉኝ። እሳቸው የፈለጉት ግን ካምፑ ውስጥ በሽታ ገብቷል የሚል ነገር ከዚህ እንዳይወጣ ነበር። በሽታ የለም ከተባለ የጠየቅኩት ግሉኮስ አይላክም። ድንኳኑ ውስጥ የሽቦን ዓይነት ሠላሳ ልጆች ተኝተዋል፤ የቀረኝ ግሉኮስ ለሳምንት አይበቃቸውም። ተተኪው ጦርም ምንም ሳይነገረው መጥቶ ያንኑ ውኃ ይጠጣል።

ብዕሩን ይዤ ነበር፣ አክስቴ። አልያዝኩም አልልዎትም። ሽቦ ከአልጋው ላይ ሆኖ ሁሉንም ሰምቷል። ዞር ብዬ ሳየው ባበጠ ከንፈሩ «ከመኪና መውደቅ እኮ አልተለማመድኩም» አለኝ። ፈርም ማለቱ ይሁን አትፈርም ማለቱ አላወቅኩም። ልጠይቀውም ድፍረት አጣሁ።

አልፈረምኩም። ወደ ሬዲዮ ክፍሉ ሄጄ እውነቱን ለዋናው መሥሪያ ቤት አስተላለፍኩ፤ ለሽቦም የሕክምና አውሮፕላን ጠየቅኩ። «ደርሶናል፣ ጠብቅ» አሉኝ። ኮሌራ የያዘውን ሰው የስንቁ አውሮፕላን አይጭንም፤ ባዶውን ሄደ። ኮሎኔሉ ከዚያ ወዲህ አላናገሩኝም።

የሚበቃኝን ስድብ አላውቅም። እርስዎ ይወቁበት።

ልጅዎ


ታኅሣሥ 4 ቀን

አውሮፕላኑ በርህ ላይ ቆሞ ነበር። ልጄ ውስጡ መተኛት ይችል ነበር።

እኔ ለማላውቀው ሰው፣ ያልሞተ አጎቱ እንደሞተ አድርጌ ጽፌ ፈቃድ አሰጥቻለሁ። ያልታመመች ሚስቱን አሳምሜለታለሁ። ሌሊቱን ሙሉ ሰላም ተኝቼ አድሬያለሁ፤ ምክንያቱም በዚያ ውሸት የተጎዳ ሰው አልነበረም። አንተ ለሥጋህ አንዲት መስመር ውሸት ጠፋህ? ሠላሳ ልጆች ትለኛለህ። የሠላሳዎቹ እናቶች እኔ ጋ መጥተው ያመሰግኑኛል? ትክክል ሠርተህ ይሆናል። ትክክሉን ምን ላድርገው? አልጋው ላይ ላስተኛው?

ቲያትር አድርገህ ለሳቅ የሰጠኸው አንተ ነህ። ከሳቁ ሊወጣ ሲል በሩን የዘጋኸውም አንተ ነህ።

ለእናትህ አልነገርኳትም። እሷ ፊት ስለ አንተ ክፉ መናገር አልችልም፤ ከነገርኳት ደግሞ ዝም ማለት አልችልም። በመካከል እኔ ተቃጠልኩ።

ከእንግዲህ አክስቴ ብለህ አትጻፍልኝ። ልጄ ከዳነ ራሱ ይጻፍልኝ። ካልዳነ የምትጽፍልኝ ነገር የለም።


ታኅሣሥ 5 ቀን

አክስቴ!

ሸና!

ዛሬ ጠዋት ሸና! ሲጀምር ጠብታ ነበር፤ ቀጥሎ ግማሽ ብርጭቆ፣ ቀጥሎ ሙሉ ብርጭቆ። ብርጭቆውን እኔ ነኝ የያዝኩለት። ወደ ብርሃን አንስቼ ሳየው «ዶክተር፣ አታፍስሰው፣ ስንት ጊዜ የለፋሁበት ነው» አለኝ። ድንኳኑ ውስጥ ያለው በሽተኛ ሁሉ፣ መነሳት የማይችለው ጭምር፣ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ።

ኩላሊቱ ነቅቷል። ከዚህ በኋላ ብዙ ይሸናል፤ ሐኪም ሆኜ ብዙ ነገር አይቻለሁ፣ እንደዚህ ያማረ ነገር ግን አላየሁም። አደጋው ሙሉ በሙሉ አልፏል ብዬ አልዋሽዎትም፤ ከእንግዲህ ምንም አልዋሽዎትም። ፊቱ እየጎደለ ነው። ዛሬ ራበኝ አለ።

ትናንት ግሉኮስና ሁለት ሐኪሞች የያዘ አውሮፕላን ከዋናው መሥሪያ ቤት ደርሷል። ከሠላሳዎቹ እስካሁን የሞተ የለም። ሐኪሞቹ ሽቦን በሚቀጥለው ሳምንት እንወስደዋለን ብለዋል፤ እውነተኛው ወረቀት ላይ እኔ ፈርሜያለሁ።

የእርስዎ መልስ ገና አልደረሰኝም። ምን እንደጻፉልኝ እገምታለሁ። ይገባኛል። አውሮፕላኑ ሞተሩን አስነስቷል፣ ደብዳቤ ሰብሳቢው አናቴ ላይ ቆሟል።

ሸናልዎ!


ታኅሣሥ 11 ቀን

ልጄ

ያን ደብዳቤዬን ይሄኔ አንብበኸዋል። የጻፍኩትን አልመልሰውም። ቂሜ አልወጣልኝም፤ ስትመጣ ፊት ለፊት ተቀምጠን የምንጣላው ጠብ አለን። ሠላሳዎቹ ልጆች መትረፋቸውን ሳነብ ደግሞ ደስ አለኝ። ሁለቱም አንድ ሆድ ውስጥ ገብተው ምን እንደማደርጋቸው አላውቅም። ለእናትህ አሁን ሁሉንም ነግሬያታለሁ። አለቀሰች፣ ሰደበችኝ፣ ደበቅሽኝ ብላ አኮረፈችኝ፤ እሱ የእኔና የእሷ ነው።

ደብዳቤህ የደረሰኝ ሥራ ላይ ነው። አንድ ወፍራም ሰውዬ ፊቴ ተቀምጦ አከራዩን እየከሰሰ ነበር። ፖስታውን ሳይ እንዲከፍትልኝ ለሰውዬው ሰጠሁት። ከፈተና መለሰልኝ። የመጀመሪያዋን ቃል አየሁ፤ ሁለተኛዋን አየሁ። ከዚያ መጮሄን እንጂ መነሳቴን አላስታውስም። «ልጄ ሸና! ልጄ ሸና!» እያልኩ መንገዱ መሀል ቆሜያለሁ። መኪና ቆመ። የመሥሪያ ቤቱ ሰልፍ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። በረኛው ሰው የተመታ መስሎት ዱላውን ይዞ ሮጠ። ወፍራሙ ሰውዬ ጃንጥላዬን ይዞ ይከተለኛል፤ ለምን እንደሆነ እሱም የሚያውቅ አይመስለኝም።

ሰልፉ ላይ ልጅ ያዘለች አንዲት ሴት ነበረች። ቀስ ብላ ወደ እኔ መጣችና እጄን ያዘችኝ። «እንኳን ደስ ያለዎት፣ እናቴ» አለችኝ። «የእኔም ሲወለድ እስኪሸና ድረስ አስጨንቆን ነበር። ስንት ቀኑ ነው?»

«ሃያ አራት ዓመቱ ነው» አልኳት።

ሳቀች። እኔም ልስቅ አፌን ስከፍት ለቅሶ ወጣ፤ ያ ሁሉ ቀን አንዲት ጠብታ ያላነባሁት ሴትዮ፣ የማላውቃት ሰው ትከሻ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ልጇም አብሮኝ አለቀሰ።

ነገም ሸና ብለህ ጻፍልኝ። ከነገ ወዲያም ጻፍልኝ። ሌላ ምንም ባትጽፍ አይከፋኝም።

አክስትህ